ያላስፈለገኝ ሥልጣን

ይህ ነገር የደረሰው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ በማስተምርበት በደብረ ማርቆስ ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥፋቱ ትልቅ ስለነበረ አይደለም። ከዚያ የሚከፉ ጥፋቶች በየመሥሪያ ቤቱ ይደርሳሉ፤ ይረሳሉም። ያልወጣልኝ ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ እንዲመረምር የተቋቋመውን ኮሚቴ እንድመራ የተመረጥሁትም እኔው ስለነበርሁ ነው።

ስለ ራሴ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ልናገር። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህርት ነኝ። ሦስተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመጣ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ሌላ ዶክተር አልነበረም። ይህ ግን በስብሰባ ሁሉ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ከመታዘዝ አላዳነኝም። እዚያም ወንዶቹ «መምህር» ሲባሉ እኔ «እህታችን» ነበርሁ። የላብራቶሪውን የሥራ ድልድል እኔ ላውጣ ብዬ ጠየቅሁ፤ «ይከብድሻል» ተባልሁ። ለአንድ ዐውደ ጥናት ልሂድ ብዬ ጠየቅሁ፤ ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ሰው ተላከ። እያንዳንዱን ክልከላ ከነቀኑ አስታውሰው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርሁ።

በላብራቶሪው ፎቅ ጥግ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰርቨር ነበር። የተመራቂ ተማሪዎች ሥራ በሙሉ የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ ያውቃል። ተራው ተጠቃሚ የራሱን ሥራ ብቻ ይነካል፤ ከወሰኑ ካለፈ ማሽኑ «አልተፈቀደም» ብሎ ያቆመዋል። አስተዳዳሪ የሚባለው ግን ሁሉን ይነካል፣ ሁሉን ያጠፋል፤ ማሽኑ አይከለክለውም፣ ለምን ብሎም አይጠይቀውም።

በእኛ ኮሌጅ የአስተዳዳሪው ፓስወርድ የሹመት ምልክት ሆኖ ነበር። አዲስ ኃላፊ ሲሾም ማኅተሙን፣ የቢሮውን ቁልፍና ይህን ፓስወርድ አንድ ላይ ይረከባል። ስድስት ሰዎች ተረክበውት ነበር። ከስድስቱ አራቱ ሰርቨሩ በየትኛው ክፍል እንዳለ የሚያውቁ አይመስለኝም። ቢሆንም መንፈግ ነውር ነበር። የነፈገ ሰው «አታምነኝም ማለት ነው?» ይባላል፤ ለዚህ ጥያቄ ፊት ለፊት «አዎ» ብሎ የሚመልስ ሰው በመሥሪያ ቤታችን አላየሁም።

ካልታዘዙ በቀር ለመንፈግ የሚደፍሩ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አቶ ይኸነው። የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ዲፕሎማ አላቸው፤ ቤታቸው አማኑኤል ከተማ ስለሆነ በየቀኑ በሚኒባስ ይመላለሳሉ። ሰርቨሩ በሞዴል ሃያ ሁለት ተፈርሞ በእርሳቸው ስም የወጣ ንብረት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤትን አሠራር ለማያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አለብኝ። አንድ ዕቃ በስሙ የተፈረመበት ሰው፣ ዕቃውን ማንም ይንካው ማን፣ ተጠያቂው እርሱ ነው።

በዚያ ግንቦት አንድ የሲስተም ሶፍትዌር ሰርቨሩ ላይ መትከል ፈለግሁ። ሥራው ማሽኑን በአንድ ጊዜ ለሚጠቀሙ ብዙ ተማሪዎች ተራ ማስያዝ ነው። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የሚመጣው ሰው በጻፈው የፕሮግራም ጽሑፍ መልክ ነው፤ ጽሑፉን ማሽኑ ሊፈጽመው ወደሚችለው ቋንቋ መለወጥ ያስፈልጋል። ኮምፓይል ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። ወደ አቶ ይኸነው ሄጄ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ጠየቅኋቸው።

«ለምን ፈለጉት ዶክተር?» አሉኝ።

«ኮምፓይል የማደርገው ሶፍትዌር አለ።»

«ለሱማ አያስፈልግዎትም።»

እርሳቸው ያልገባኝ መስሏቸው ቀጠሉ።

«ኮምፓይሉን በራስዎ ስም ገብተው ይጨርሱት። አስተዳዳሪ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ፣ ያለቀው ነገር ቦታው ሲገባ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ይጥሩኝ፤ መጥቼ አብረን እናስገባዋለን።»

«እኔ ይህን የማላውቅ ይመስልዎታል?»

«ኧረ በፍጹም! ከኔ በላይ ያውቁታል እንጂ። ግን ይኸውልዎ፣ እኔ አማኑኤል ወፍጮ ቤት እህሌን አስጭኜ እሄዳለሁ፣ አስፈጭቼ እመለሳለሁ። ባለቤቱን 'የቤቱን ቁልፍ ካልሰጠኸኝ' ብዬው አላውቅም።»

ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

ትክክል ነበሩ። ይህን ሳልሸፍን መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ትክክል መሆናቸውን በዚያች ደቂቃ አውቅ ነበር። የፕሮግራም ጽሑፍ ኮምፓይል ሲደረግ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ብዙ ትእዛዞች አንድ በአንድ ይፈጸማሉ። ከእነርሱ መካከል አንዱ የተሳሳተ ከሆነ፣ ተራ ተጠቃሚ የራሱን ሥራ ያበላሻል፤ አስተዳዳሪ የሁሉንም ያበላሻል። ይህንኑ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አስተምር ነበር። በፈተና ላይም ጠይቄያቸዋለሁ።

ነገር ግን የሰማሁት ምክሩን ሳይሆን ክልከላውን ነበር። ስድስት ወንዶች ያለ ምንም ጥያቄ የተሰጣቸውን ነገር አንድ ቴክኒሻን ለእኔ «አያስፈልግሽም» አለኝ፤ የተሰማኝ ይህ ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄድሁ።

ዲኑ ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ስልኩን አነሡ።

«ስማ ይኸነው፣ ምን ሆነሃል? ለስድስት ሰው የሰጠኸውን ለሷ ሲሆን ምን አሰሰተህ? ያለችን አንዲት ዶክተር፣ እሷንም ልታባርርብን ነው እንዴ? ስጣት በቃ!»

ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ተባለ።

«አይ፣ አይ! እሱን ለኔ አታስረዳኝ። እኔ ከእናንተ ማሽን ጋር አልታገልም። ስጣት ብያለሁ!» ብለው ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሰውየው ክፉ አይደለም እኮ። ትንሽ ግትር ነው።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ለእኔ ተብሎ ሰው ሲታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ። የደስታውን ዓይነት አሁን ሳስበው ይቀፈኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አቶ ይኸነው ፓስወርዱን በታጠፈ ወረቀት ጽፈው እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ አመጡልኝ።

«ይኸው ዶክተር። እንግዲህ አደራ፣ ኮምፓይሉን በራስዎ ስም ያድርጉት።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ መለስሁ። ጥቂት ቆመው ሄዱ።

ማግስቱ ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባሁ። ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። መብራት እንዳይጠፋ ሰጋሁና ቶሎ ልጨርስ አልሁ። በዚያ ላይ እልሁ አለ። ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጀምሮ በአስተዳዳሪነት ገባሁ። ለሥራው አላስፈለገኝም። የተከለከልሁት ስለነበረ ብቻ ነው።

ሥራውን ለማፋጠን ራሴ የጻፍሁት አጭር የትእዛዝ ዝርዝር ነበረኝ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከቀደመ ሙከራ የቀረውን ያጸዳል። ይዘቱ «በሥራ ቦታዬ ውስጥ ያለውን ፕሮጀክት የተባለ ፎልደር አጥፋ» የሚል ነው። «የሥራ ቦታዬ» የት እንደሆነ ማሽኑ የሚያውቀው በራሴ ስም ስገባ ነው፤ እዚያ መዝግቤዋለሁ። አስተዳዳሪው ግን እኔ አይደለሁም፤ በእርሱ ዘንድ የእኔ የሥራ ቦታ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ማሽኑ ያንን ክፍል ባዶ አድርጎ አነበበውና የቀረውን ፈጸመ። ፕሮጀክት የተባለውን ፎልደር ከማሽኑ ዋና ማከማቻ ላይ አጠፋ።

በዋናው ማከማቻ ላይ ፕሮጀክት የሚባለው የሠላሳ ስምንት ተመራቂዎች ሥራ የተቀመጠበት ነው።

በራሴ ስም ገብቼ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ «አልተፈቀደም» ብሎ ይቆም ነበር። እኔም ስሕተቴን አይቼ፣ አርሜ፣ ሥራዬን እቀጥል ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ነገር አይደርስም ነበር። ማሽኑ ግን አልተናገረም። ጥቂት ሰከንዶች ዝም አለ፤ ከዚያ ቀጣዩን ትእዛዝ ጀመረ። ዝምታው ስለረዘመብኝ ማከማቻውን ከፍቼ አየሁ። ባዶ ነበር።

መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም። መጠባበቂያው ዲስክ በጥር ተበላሽቶ ነበር፤ አቶ ይኸነው አዲስ እንዲገዛ ሦስት ደብዳቤ ጽፈው መልስ አላገኙም።

ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥሁ አላውቅም። በረዶው አባርቶ ነበር። ስወጣ አቶ ይኸነው ኮሪደሩ ላይ የተበላሸ ኪቦርድ ፈተው ያጸዱ ነበር።

«ሠራልዎት ዶክተር?» አሉኝ ቀና ብለው።

«ነገ እቀጥለዋለሁ» ብዬ አለፍሁ።

ለምን እንዳልነገርኋቸው ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ያን ሰዓት በጆሮዬ የሚሰማኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «እኛስ ይከብድሻል ብለን አልነበር?» የሚል። ያንን ከመስማት ሌላው ሁሉ ይሻለኝ ነበር። አሁን ስመለከተው ይህ ምክንያት መሆኑን አልክድም፤ ግን ስለ እኔ ፍርሃት ሌላ ሰው መጠየቅ አልነበረበትም።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አጡት። ጩኸት ሆነ። አብዛኞቹ በፍላሽ የያዙት ቅጂ ነበራቸው። ዘጠኙ አልነበራቸውም። ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ቀን በሁለት ሳምንት ተራዘመ። እስከ ቀትር ድረስ ግቢው በሙሉ የሚያወራው አንድ ነገር ሆነ፤ ይኸነው አጠፋው።

ዲኑ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። አንዷ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺወርቅ ናቸው። ሁለተኛው ከሬጅስትራር የተወከለ ሰው ነው። ሰብሳቢዋን ሲጠሩ ወደ እኔ አዩ።

«ዶክተር፣ ነገሩን የሚያውቅ ካንቺ ሌላ ማን አለን?»

እንቢ ማለት እችል ነበር። እሺ አልሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ወይዘሮ የሺወርቅ ሞዴል ሃያ ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። አቶ ይኸነው ከፊታችን ተቀምጠዋል።

«ይቺ ያንተ ፊርማ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ማሽኑን በጤናው ተረክበሃል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«አንድ ሰው በአስተዳዳሪ ገብቶ አጥፍቶታል።»

«ማን?»

«ፓስወርዱ ብዙ ሰው እጅ ነው፤ ለሁሉም ታዝዤ ነው የሰጠሁት።»

«እኔ ፓስወርድ የሚባል ዕቃ መዝገቤ ላይ የለም፣ ይኸነው። እኔ የማውቀው ማሽኑን ነው። ማሽኑ ደግሞ ባንተ ስም ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ዶክተር፣ ማሽኑ ራሱ የሚመዘግበው ነገር አለ ይባላል። ምን ይላል?»

አለው። እያንዳንዱ ትእዛዝ በማን ስም እንደተፈጸመ ይመዘግባል። በራሴ ስም ብሠራ ኖሮ ስሜ ከነሰዓቱ እዚያ ላይ ይገኝ ነበር። ስምንት ሰዎች በአንድ ስም በሚገቡበት ማሽን ላይ ግን የሚጻፈው ያ አንድ ስም ብቻ ነው።

«አስተዳዳሪ ይላል» አልሁ።

አቶ ይኸነው ዓይናቸውን አነሡና አዩኝ። ከዚያ መልሰው ወደ ጠረጴዛው አቀረቀሩ። የተናገርሁት ቃል በቃል እውነት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያሳፍር እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ኮሚቴው የጽሑፍ መልስ እንዲያቀርቡ አምስት ቀን ሰጣቸው። ጥፋቱ ከጸናባቸው ከሥራ እንደሚሰናበቱ ወይዘሮ የሺወርቅ በግልጽ ነገሯቸው።

በእነዚያ ቀናት ታንጉት የምትባል ተማሪ በመማሪያ ክፍል በር ላይ አስቆመችኝ። የሮብ ገበያ ከተማ ልጅ ናት። የድንች ቅጠል በሽታን ከፎቶ የሚለይ ፕሮግራም እየሠራች ነበር። ቅጂ ካልነበራቸው ዘጠኙ አንዷ ናት፤ ከባዶ ጀምራ ነበር።

«ዶክተር፣ ጋሽ ይኸነው ሆን ብሎ ነው አሉ ያጠፋው። እውነት ነው?»

«እየተጣራ ነው» አልኋት።

«እኔ ግን አላምንም» አለች። «ስንት ቀን ምሳውን ሳይበላ ከኔ ጋር ሲሠራ ውሏል መሰለዎት! ለኔ ብሎ ሚኒባስ አምልጦታል እኮ።»

«በርቺ» ብያት ገባሁ።

በአራተኛው ቀን አቶ ይኸነው ወደ ቢሮዬ መጡ። ቢሮውን የሚጋሩኝ ሰዎች ክፍል ገብተው ስለነበር ብቻዬን ነበርሁ። መልሳቸውን በሁለት ቅጂ ይዘዋል።

«ለሰብሳቢ ነው የሚሰጠው ብለውኛል። አንዱ ላይ 'ደርሶኛል' ብለው ይፈርሙልኝ።»

አነበብሁት። አንድ ገጽ ነው። ስለ መጠባበቂያው ዲስክ የጻፏቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ይጠቅሳል። ፓስወርዱን ለሰባት ሰዎች የሰጡት በቃል ታዝዘው መሆኑን ይገልጻል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ጥፋቱን የሠራው ማን ለመሆኑ ማስረጃ የለኝም» ይላል። የእኔ ስም የትም የለም።

«ማስረጃ የለኝም ብለዋል» አልኋቸው። «ማን እንደሆነ ግን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ እንጂ። ሐሙስ ከዚያ ክፍል ሲወጡ ፊትዎን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ዶክተር፣ ለርስዎ አዝኜ እንዳይመስልዎት። ተናድጃለሁ። ቤቴ ገብቼ እህል አልቀምስ ብዬ ባለቤቴ ታምሜ መስሏታል። ግን ልጻፈው? እሺ፣ ጻፍሁት እንበል። አንድ ዲፕሎማ ያለው ቴክኒሻን 'ዶክተሯ ናት' ይላል። ዶክተሯ 'እኔ አይደለሁም' ትላለች። መዝገቡ ደግሞ 'አስተዳዳሪ' ይላል። ማን ይታመናል?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። እርሳቸው ቀጠሉ።

«እርስዎ ነዎት የሚታመኑት። ያን ጊዜ ሥራውን አጠፋህ መባሌ ሳያንስ የሰው ስም አጠፋህ የሚል ይጨመርብኛል። ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። አባትሽ ከሥራ ተባረረ ሲሏት፣ ዋሽቶ ነው እንዲሏት አልፈልግም። ይፈርሙልኝ፣ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ።»

ፈረምሁ። ቅጂያቸውን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር ያልገባኝን ነገር ለመረዳት ሞከርሁ። እኔ ራሴን የማውቀው እንደማይታመን ሰው ነበር። በየስብሰባው ቃሌ የሚቀለው፣ ሐሳቤን ወንድ ሲደግመው ብቻ የሚሰማልኝ እኔ ነኝ። ይህ ሐሰት አልነበረም። እኔ ከቆምሁበት በታች ግን ሌላ ደረጃ እንዳለ፣ በዚያ ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ የማልነካ እንደምመስለው፣ ያን ቀን ሰማሁ። በእኔ ላይ ሲደረግ የኖረውን ነገር ያለ ምንም ልምምድ፣ በመጀመሪያው ዕድሌ፣ በሌላ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ።

በማግስቱ ኮሚቴው ሲሰበሰብ የአቶ ይኸነውን መልስ አነበብሁ። ቀጥዬ የራሴን አራት መስመር ጽሑፍ አነበብሁ። በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው ትእዛዝ፣ በማን ፓስወርድ፣ ምን እንዳጠፋሁ የሚናገር ነው።

ወይዘሮ የሺወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዴ! ምን ነካሽ ዶክተር? ታዲያ ያን ዕለት መዝገቡ ምን ይላል ስልሽ?»

«አስተዳዳሪ ይላል አልሁዎት። አስተዳዳሪው እኔ ነበርሁ።»

«አንቺ ሴት! ሰውየውን እኮ ልትበይው ነበር!»

የሬጅስትራሩ ሰው እስክሪብቶውን ይዞ ይጻፍ አይጻፍ ግራ ገባው። «ጻፈው» አልሁት። ጻፈው።

ዲኑ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ዶክተር፣ የሠራሽው ትልቅ ሥራ ነው። ስንት ሰው እንዲህ ይላል? ግን ይህ ነገር ከዚህ ግቢ መውጣት የለበትም። ያለችን አንዲት ሴት ዶክተር ነሽ። 'የአጠቃቀም ስሕተት' ብለን እንዘጋዋለን።»

«አቶ ይኸነውስ?»

«እሱ አይባረርም። አለቀ።»

አልተባረሩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ደብዳቤዎች ወጡ። አንደኛው ለእኔ የተጻፈ ነው፤ ኮሚቴውን በብቃት ስለመራሁና ግልጽነት ስላሳየሁ ያመሰግነኛል። ሁለተኛው ለአቶ ይኸነው የተጻፈ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በስማቸው የተመዘገበን ንብረት በአግባቡ ስላልጠበቁ ይላል። የሁለቱም ቀን አንድ ነው። የፈረመው እጅም አንድ ነው።

የእኔን ደብዳቤ ይዤ ወደ ዲኑ ተመለስሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል። እርሳቸው የተቀጡት በምንድን ነው?»

«ማሽኑ በማን ስም ነው?»

«በእርሳቸው።»

«እንግዲያውስ!» አሉ። ለእርሳቸው ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል።

በቀጣዩ ዓመት የላብራቶሪዎች ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆነ። አቶ ይኸነው ተወዳደሩ። ማኅደራቸው ውስጥ ማስጠንቀቂያ ስላለ ከውድድሩ ተሰረዙ። ጥቂት ወራት ቆይተው ለቀቁ። አሁን አማኑኤል ላይ ስልክና ራዲዮ እንደሚጠግኑ ሰምቻለሁ።

ከለቀቁ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ፣ ጠዋት። ሰላምታ ሰጥተውኝ ሊያልፉ ሲሉ አስቁሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሰው ይተላለፍ ነበር፤ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። እስክጨርስ ድረስ አዳመጡኝ።

«ለእግዚአብሔር ብያለሁ፣ ዶክተር» አሉኝ። «ከልቤ ነው። ደብዳቤው ግን እዚያው አለ።»

የአማኑኤል ሚኒባስ ረዳት ይጣራ ነበር፤ ገቡና ሄዱ።

ደብዳቤው እንዲሻር ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። የእኔም ምስጋና አብሮ እንዲሻር ጠይቄያለሁ። እስከዛሬ መልስ አልመጣም። መልስ የማያገኝ ደብዳቤ መጻፍ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ።

በላብራቶሪው ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ። የጋራ ፓስወርዱ ተሽሯል፤ ማንም ሰው በራሱ ስም ይገባል፣ ኮምፓይል የሚያደርገውንም በራሱ ስም ያደርጋል። ይህን ያስደረግሁት እኔ ነኝ። ጥቂት ባልደረቦች ተቀይመውኛል፤ አንዱ «ለራሷ ከተጠቀመችበት በኋላ ከለከለችን» ማለቱን ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ስለዚህ አልተከራከርሁትም።

ምን እንደሚሰማኝ ስጠየቅ ጸጸት እላለሁ፤ ቃሉ ግን ጉዳዩን አይሞላውም። ያን ሁለት ዓመት የሚያስተምረኝ የለም፣ የሚሰማኝ የለም፣ ሥራዬን ሥራ ብሎ የሚያይልኝ የለም እያልሁ ኖሬያለሁ። ሌሎቹ ሲከለክሉኝ ሴት መሆኔን አይተው ከለከሉኝ፤ ሲሰጡኝም ማዕረጌን አይተው ሰጡኝ። የምሠራውን ነገር ከልቡ አይቶ፣ የት ላይ እንደምሳሳት አውቆ፣ ሰው ለሙያ ባልደረባው እንደሚናገረው ፊት ለፊት የነገረኝ በዚያ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። አለቃው ጋ ሄጄ የከሰስሁት እርሱን ነው።